ኢሳይያስ 18፦ እርግማን፣ የግድብ ትንቢት ወይስ ሌላ?

ጥያቄው፦ «ኢሳይያስ ምዕራፍ 18 የሚጀምረው በኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ያለችውን ምድር ‹ወዮላት› በማለት ነው። አንድ ሰባኪ ‹ይህ በአገራችን ላይ ያለ እርግማን ነው፤ ጦርነቱም ረሃቡም የመጣው ከዚህ ነው፤ እርግማኑ መሰበር አለበት› ብሎ አስተማረን። ወንድሜ ደግሞ ምዕራፉ ስለ ሕዳሴ ግድብ የተነገረ ነው ይላል። ቀጥሎ ያለውን ምዕራፍ 19ን ገልጦ ‹ይኸው፣ የግብጽ ወንዝ ይደርቃል ተብሏል› እያለ ያሳየኛል። ማንን ልመን?»

ሁለቱንም አይመኑ። ምዕራፉ እርግማን አይደለም። ስለ ግድብም አንድ ቃል የለበትም። ኢሳይያስ 18 የዛሬ 2,700 ዓመት ገደማ ከኩሽ መንግሥት (በአማርኛው «ኢትዮጵያ» ከተባለችው) ለመጡ መልእክተኞች የተሰጠ መልስ ነው። ጽሑፉ ለምን እንደመጡ በግልጽ አይነግረንም፤ ዘመኑ ግን ይነግረናል። የአሦር ጦር አካባቢውን እየዋጠ ነበር። ኩሽም ግብጽን ይዛ ስለነበር በመካከል ያሉትን ትንንሽ መንግሥታት ከጎኗ ማሰለፍ ትፈልጋለች። ነቢዩ መልእክተኞቹን በአክብሮት፣ ግን በማያሻማ መንገድ «ሂዱ» ብሎ ሸኛቸው።

ይህን ካልኩ በኋላ ሁለቱ አነባበቦች ከየት እንደመጡ ማየት ያስፈልጋል። ከባዶ አልተነሱም። ምዕራፉ 7 ቁጥር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ተርጓሚዎችን በጣም ከሚያስቸግሩት የኢሳይያስ ክፍሎች አንዱ ነው። አስቸጋሪ ጽሑፍ ደግሞ ሁሉም የልቡን ሊያስገባበት ይመቻል። በአንድ ዘመን በፈረንጆቹ ዘንድ «ቁጥር 1 ላይ ያለችው ባለ ክንፏ ምድር እንግሊዝ ናት»፣ «የለም፣ አሜሪካ ናት» ያሉም ነበሩ። እኛ ብቻ አይደለንም።

ከ«ወዮ» እንጀምር። ዕብራይስጡ «ሆይ» ነው የሚለው። ይህ ቃል በዕብራይስጥ ብዙ ሥራ አለው። ሙት ሲለቀስ ይባላል፤ በ1ኛ ነገሥት 13፥30 ሽማግሌው ነቢይ ለሞተው ባልንጀራው «ወዮ፣ ወንድሜ» ሲል ያለው ይህንኑ ነው። ለዛቻም ይሆናል። ለጥሪም ይሆናል። ራሱ ኢሳይያስ 55፥1 ላይ የተጠሙትን ሁሉ ወደ ውኃ ሲጋብዝ የሚከፍተው በዚሁ ቃል ነው፤ እዚያ ግን ማንም «የተጠማችሁ ወዮላችሁ» ብሎ አልተረጎመውም። ስለዚህ ከዚህች ቃል ብቻ ተነስቶ «ተረግመናል» ማለት አይቻልም። ቃሏ ልቅሶ ትሁን፣ ዛቻ ወይም ጥሪ፣ የሚወስነው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው።

ቀጥሎ ምን ይመጣል? ምዕራፍ 5ን ያስታውሱ። እዚያ «ወዮ» በተባለ ቁጥር ክስ ይከተላል። ቤትን ከቤት ጋር የሚያያይዙ፣ ማለዳ ተነስተው ለመጠጥ የሚሮጡ፣ ክፉውን መልካም የሚሉ፣ በጉቦ የሚፈርዱ። ጥፋቱ ይታወቃል፤ ቅጣቱም ይታወቃል። አሁን ምዕራፍ 18ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡትና የኩሽን ኃጢአት ይፈልጉ። አያገኙም። ትዕቢት አልተባለም፣ ጣዖት አልተባለም፣ ግፍ አልተባለም። ክስ የሌለበት ፍርድ በነቢያት መጻሕፍት የተለመደ አይደለም።

ሌላም ምልክት አለ። ኢሳይያስ በአሕዛብ ላይ የሚናገራቸው የፍርድ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ «ሸክም» የሚል ርዕስ አላቸው። ባቢሎን ምዕራፍ 13 ላይ፣ ሞዓብ 15 ላይ፣ ደማስቆ 17 ላይ፣ ግብጽ 19 ላይ ሸክም ተብሎላቸዋል። በደማስቆና በግብጽ መካከል የገባው ምዕራፍ 18 ግን ይህ ርዕስ የለውም። ይልቁንም 17፥12 ላይ ከሚጀምረው ክፍል ጋር ይያያዛል። እዚያ የብዙ አሕዛብ ጩኸት እንደ ባሕር ይተማል፤ በማታ ድንጋጤ ነው፤ ሳይነጋ ግን የሉም። ያም ክፍል የሚከፈተው በዚሁ «ሆይ» ነው። የምዕራፍ ቁጥሩ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው፤ ነቢዩ አላስቀመጠውም። ስለዚህ 18ን ብቻውን ቆርጦ ማንበብ የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ምድሪቱ ነች። ዕብራይስጡ «ኩሽ» ይላል። የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም «ኢትዮጵያ» አለው። የግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ የተተረጎመው ከግሪኩ በመሆኑ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በዚያው ወደ እኛ ገባ። በኢሳይያስ ዘመን ኩሽ ሲባል የሚታወቀው መንግሥት ግን ማዕከሉ ናፓታ ነበር። ናፓታ በዓባይ ወንዝ አራተኛው ፏፏቴ አጠገብ፣ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ጀበል ባርካል በሚባለው ተራራ ሥር ነው። አክሱም እንደ መንግሥት ገና አልተነሳችም።

ይህን ስል የሚከፋው ሰው አለ። አይክፋው። የእኛው የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ ራሱ ነገሩን ለይቶ ያስቀምጠዋል። በ4ኛው መቶ ዘመን ኢዛና ካሱ የሚባሉትን፣ ማለትም የኩሽን ሰዎች፣ እንደወጋ በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። በዚያው ዘመን የግሪክኛ ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ሐበሻ ለሚለው «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ገብቶበታል። ስሙ ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው እየሰፋ እንደመጣ ከዚህ ማየት ይቻላል። ስለዚህ «ኢሳይያስ የጻፈው ስለ ዛሬዋ ኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው» ማለት አይቻልም። «ምንም አይመለከተንም» ማለትም አይቻልም። ጽሑፉ «ከኩሽ ወንዞች ማዶ» ነው የሚለው። ወደ ኩሽ ከሚወርዱት ወንዞች ዓባይና ተከዜ የሚነሱት ከእኛ ተራሮች ነው። ለኢየሩሳሌም ሰው ግን ይህ አገላለጽ የካርታ ነጥብ አልነበረም። «እስከ ምድር ዳር» እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የኩሹ ንጉሥ ፒዬ ወደ ሰሜን ዘምቶ ግብጽን ያዘ። ድሉን ያስቀረጸበት ትልቅ ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀበል ባርካል ላይ ተገኝቷል። እዚያ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ፒዬ የግብጽን የሄርሞፖሊስ ከተማ ከብቦ ካስገበረ በኋላ ወደ ተሸናፊው ገዥ የፈረስ ጋጣ ይገባል። ፈረሶቹ በከበባው ተርበው ከስተዋል። ንጉሡ ገዥው ካደረገው ሌላ በደል ሁሉ ይልቅ ፈረሶቹ መራባቸው አንገበገበኝ ይላል። እሱና ወራሾቹ ኤል ኩሩ በሚባለው መካነ መቃብራቸው ፈረሶቻቸውን በረድፍ በቁማቸው አስቀብረዋል፤ 24 የፈረስ መቃብር ተቆጥሯል። ኩሽ ማለት በዚያ ዘመን ፈረስና ሠረገላ ነው።

ይሁዳ ደግሞ የጎደላት በትክክል ይሄ ነው። ሰማርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ወድቃለች። ከ713 እስከ 711 ባለው ጊዜ አዛጦን (አሽዶድ) በአሦር ላይ አምጻ ተቀጠቀጠች። በ705 የአሦሩ ንጉሥ ሳርጎን ሲሞት ደግሞ የይሁዳው ንጉሥ ሕዝቅያስ ራሱ ግብር አልከፍልም አለ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ኢየሩሳሌም ውስጥ «ከደቡብ ፈረስ ይመጣልናል» የሚል ቡድን ነበር። ኢሳይያስ 31፥1 ይህን ቡድን ነው «ስለ እርዳታ ወደ ግብጽ የሚወርዱ፣ በፈረሶች የሚደገፉ» እያለ የሚወቅሰው። ምዕራፍ 18 ከሁለቱ አመጾች የትኛውን እንደሚመለከት ሊቃውንት ይከራከራሉ። ለትርጉሙ ግን ብዙ ለውጥ አያመጣም። ጥያቄው በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር፦ ከኩሽ ጋር እንሰለፍ ወይስ አንሰለፍ?

በዚህ ዓይን ካዩት ቁጥር 1 እና 2 ይፈታሉ። መልእክተኞቹ የመጡት በደንገል መርከብ ነው። ጣና ላይ ታንኳ ያየ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም፤ ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ፏፏቴ ሲያጋጥም ተሸክመውት ያልፋሉ። «በባሕር ላይ» የተባለውም ቀይ ባሕርን ለማለት ላይሆን ይችላል። ዓባይ ራሱ 19፥5 ላይ ባሕር ተብሏል። «ክንፍ» የተባለው የመርከቡ ሸራ ነው የሚሉ አሉ፤ የአማርኛው ትርጉም ግሪኩን ተከትሎ መርከብ ብሎታል። ሌሎች ደግሞ እንደ አንበጣ ያሉ የሚጮኹ በራሪ ነፍሳት መንጋ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን በዚህ ላይ ስብከት አልሠራም።

ከዚያ «ረጅምና ለስላሳ ሕዝብ» ይላል። ይህ ስድብ የመሰላቸው አሉ። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ «የተበተነና የተላጠ ሕዝብ» ብሎ አስቀመጠው። በዚያ ላይ የተመሠረቱ የእንግሊዝኛ ስብከቶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሕዝቡ ከነመላጡ ተሰደበ። ዕብራይስጡ ግን የሚያወራው ስለ ቁመት፣ ስለሚያበራ ወይም ስለተላጨ ቆዳ ነው። ኢሳይያስ ካለፈ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈው ግሪካዊው ሄሮዶቱስም ኢትዮጵያውያን ከሰው ሁሉ ረጅምና መልከ መልካም እንደሚባሉ ዘግቧል። የኢሳይያስ አነጋገር ያደንቃል እንጂ አይንቅም። «ቅርብና ሩቅ የሚፈራው፣ ብርቱ ሕዝብ» ነው የሚለው። ጸያፍ ነገር የሚፈልግ ሰው ከሌላ ቦታ ይፈልግ።

የምዕራፉ ልብ ግን ቁጥር 4 ነው። ሰባኪዎች ዘለውት የሚያልፉት እሱን ነው። ቁጥር 3 ላይ ለዓለም ሁሉ «ዓላማ (ሰንደቅ) ሲነሳ እዩ፣ መለከት ሲነፋ ስሙ» ተብሎ ታውጇል። አንባቢው ጦርነት ይጠብቃል። ከዚያ እግዚአብሔር ይናገራል፤ የሚለውም «በማደሪያዬ ሆኜ ጸጥ ብዬ እመለከታለሁ» ነው። እንደ ቀትር ፀሐይ ሙቀት፣ በመከር ወራት እንዳለ የጠል ደመና። መልእክተኛው ይራወጣል፣ ሠረገላው ይቆጠራል፣ ቤተ መንግሥቱ ስብሰባ ላይ ነው። እግዚአብሔር ግን ዝም ብሎ ያያል። ዝምታው መተው አይደለም። ያ ሙቀትና ያ ጠል እኮ ፍሬውን የሚያበስሉት ናቸው። ጊዜውን እየጠበቀ ነው።

ቁጥር 5 ይህን ይጨርሰዋል። አበባው ረግፎ ወይኑ ሊበስል ሲል፣ ከመከሩ በፊት፣ ማጭድ ይመጣና ቅርንጫፉን ይቆርጠዋል። ቁጥር 6 ላይ የተቆረጠው ለተራራ አሞራና ለምድር አራዊት ይቀራል፤ አሞራዎቹ በጋውን፣ አራዊቱ ክረምቱን ይከርሙበታል። ምስሉ የጦር ሜዳ ሬሳ ነው። የማን ሬሳ?

እውነተኛው ክርክር እዚህ ላይ ነው። ጥቂቶች የኩሽ ነው ይላሉ። እኔ የአሦር ነው እላለሁ፤ ብዙ ተርጓሚዎችም እንዲሁ። ኢሳይያስ 10፥33 ላይ ቅርንጫፉ የሚቆረጠው አሦር ነው። 14፥25 ላይ አሦር የሚሰበረው «በተራሮቼ ላይ» ነው፤ እዚህም ተራሮች አሉ። ልክ ከምዕራፋችን በፊት ያለው 17፥12–14 ደግሞ በአንድ ሌሊት ስለሚጠፋ ወራሪ ይናገራል። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ሲያስቀምጡ መልሱ ለኩሽ መልእክተኞች ይሄ ይሆናል፦ «አሦር እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ግን የሚጥለው የእናንተ ፈረስ አይደለም። ወደ ቤታችሁ ሂዱ።» 30፥15 ላይ ለይሁዳ የተነገረውም ይኸው ነው፤ በጸጥታና በመታመን ኃይል ይሆንላችኋል።

ኩሽ ግን አርፋ አልተቀመጠችም። በ701 የአሦሩ ንጉሥ ሰናክሬም ወደ ይሁዳ ሲወርድ የግብጽና የኩሽ ጦር ኤልተቄ በምትባል ቦታ ገጠመው፤ ሰናክሬም በራሱ ዜና መዋዕል አሸነፍኳቸው ይላል። 37፥9 ላይ የሚጠቀሰው ቲርሐቅ የዚያ ዘመን ሰው ነው፤ በኋላ በ690 የነገሠው ታሃርቃ። የአሦሩ ሹም በኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ ግብጽን «የተቀጠቀጠ የሸምበቆ ምርኩዝ» ያላት በዚሁ ዘመቻ ነው፤ ተደግፈው ሲይዙት እጅ ይወጋል። ኢየሩሳሌም ግን አልተያዘችም። ሰናክሬም ሕዝቅያስን «እንደ ወፍ በቀፎ ዘጋሁበት» ብሎ ይፎክራል፤ ከተማዋን ያዝኩ ግን አይልም።

ወደ ግድቡ እንምጣ። ወንድምዎ የሚያነቡት ክፍል ምዕራፍ 19 ነው፤ የግብጽ ሸክም። ቁጥር 5 ላይ ወንዙ ይደርቃል፤ ዓሣ አጥማጁ ያለቅሳል፣ የተልባ እግር የሚሠራው ያፍራል። ነገር ግን ቁጥር 1 ይህን የሚያደርገው እግዚአብሔር ራሱ እንደሆነ ይናገራል፤ በፈጣን ደመና ተቀምጦ ነው ወደ ግብጽ የሚመጣው። ቁጥር 2 ላይ ግብጻዊ ከግብጻዊ ጋር ይዋጋል። ቁጥር 4 ላይ በጨካኝ ጌታ እጅ ይወድቃሉ። ብዙዎች ይህን ከአሦር ወረራ ጋር ያያይዙታል፤ የአሦሩ ንጉሥ አስራዶን በ671 የግብጽን ከተማ ሜምፊስን ያዘ፣ በ663 ደግሞ ሌላዋ ከተማ ቴብስ ተዘረፈች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከላይ ያለ አገር ወንዝ ገደበ የሚል የለም።

ከምዕራፍ 18 ደግሞ «ወንዞች ምድራቸውን የሚከፍሉት» የሚለው ሐረግ ይጠቀሳል። አንዳንድ ትርጉም «ወንዞች ያበላሹት» ስለሚል «ይኸው አፈራችንን ጠርጎ የወሰደው ዓባይ፤ አሁን ተገደበ» ይባላል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ላለ ሕዝብ ይህ አነባበብ ልብ ይነካል፤ አልክድም። ግን ያ የዕብራይስጥ ግሥ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚገኘው በዚህ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ትርጉሙ በግምት ነው የሚሰጠው። በግምት በቆመች አንዲት ቃል ላይ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ አይጫንም። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። የሰው ላብ፣ የሰው ገንዘብ፣ የሰው ድርድር ነው። ትክክል መሆኑን ለማሳየት የኢሳይያስ ምስክርነት አያስፈልገውም።

ደግሞ 19፥5ን ለፉከራ የሚያነብ ሰው እስከ ቁጥር 25 እንዲቀጥል ግድ ነው። እዚያ እግዚአብሔር ግብጽን «ሕዝቤ» ብሎ ይባርካታል፤ አሦርንም «የእጄ ሥራ» ይላል። በነቢያት መጻሕፍት ውስጥ ስለ ግብጽ ከተነገሩት ሁሉ የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። ከምዕራፉ ድርቁን ወስዶ በረከቱን መተው አይሆንም።

ሰባኪው ምናልባት ሌላ ማስረጃ ይጨምሩ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ከኢሳይያስ 18 ጋር «የካም እርግማን» አብሮ ይመጣል። ዘፍጥረት 9፥25ን ይክፈቱት። የተረገመው ከነዓን ነው። ካም ራሱ አልተረገመም፤ ኩሽም አልተረገመም። ይህን ጥቅስ ወደ ጥቁር ሕዝብ ያዞሩት ባርነትን ለማጽደቅ የፈለጉ ሰዎች ናቸው። እኛ ራሳችን በራሳችን ላይ ስናነበው መስማት ያሳዝናል። አሞጽ 9፥7 ላይ ያለው ከዚህ የራቀ ነው፦ «የእስራኤል ልጆች ሆይ፣ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?»

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ። እርግማን አይደለም ስላልኩ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ኩሽ መልካም ብቻ ይናገራል ማለቴ አይደለም። ሶፎንያስ 2፥12 በኩሽ ላይ ሰይፍ ያነሳል። ሕዝቅኤል 30 ከግብጽ ጋር ኩሽንም በጭንቀት ያስገባታል። ራሱ ኢሳይያስ ምዕራፍ 20 ላይ 3 ዓመት ራቁቱንና ባዶ እግሩን ይሄዳል፤ የግብጽና የኩሽ ሰዎች እንዲሁ ተማርከው ይነዳሉ ለማለት። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ልብ ይበሉ፦ እነዚህ በአንድ የታወቀ ዘመን፣ በአንድ የታወቀ ጦርነት ስለተሰለፈ መንግሥት የተነገሩ ናቸው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የደም እርግማን አይደሉም። ይሁዳ ራሷም በዚሁ መጽሐፍ ከዚህ የባሰ ተነግሯታል።

የቀረው ቁጥር 7 ነው። ያ ረጅም ሕዝብ ለእግዚአብሔር እጅ መንሻ ወደ ጽዮን ተራራ ያመጣል። «ተረግመናል» የሚለው ሰው ይህን ቁጥር ምን እንደሚያደርገው አላውቅም። እርግማን በመባ አያልቅም። ሶፎንያስ 3፥10 ይህንኑ በሌላ አባባል ይደግመዋል፤ መዝሙረ ዳዊትም ኢትዮጵያ እጆቿን ትዘረጋለች ሲል ወደዚሁ ይጠጋል። አንድ የጽሑፍ ልዩነት ግን አለ። ከጥንት የተላለፈው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ሲነበብ ሕዝቡ ራሱ እጅ መንሻ ሆኖ የሚቀርብ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1947 በሙት ባሕር ዳር ቁምራን አጠገብ በተገኘው የኢሳይያስ ጥቅልና በግሪኩ ግን «ከሕዝቡ» እጅ መንሻ ይመጣል። ሁለተኛው የተሻለ ይመስለኛል፤ የአረፍተ ነገሩ ቀጣይ ክፍል ራሱ «ከ» ስለሚል።

ይህ ልዩነት ለምን ያስፈልጋል? በመጀመሪያው አነባበብ ተነስተው ቁጥሩ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ወደ እስራኤል በመግባታቸው ተፈጸመ የሚሉ አሉ። ሌሎች ጽላተ ሙሴ ከአክሱም ተመልሶ ወደ ጽዮን ይሄዳል ይሉበታል። ብዙ ክርስቲያን አንባቢዎች ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 8ን ያስባሉ፤ የህንደኬ ጃንደረባ ከኩሽ ምድር ለመስገድ ኢየሩሳሌም መጥቶ በሠረገላው ውስጥ ሲያነብ የተገኘው ኢሳይያስን ነው። ከሦስቱ ወደ ጽሑፉ መንፈስ የሚቀርበው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሰውዬው በገዛ ፈቃዱ ለአምልኮ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ለተጓዦቹ ትልቅ ትርጉም እንዳለው አከብራለሁ፤ እምነታቸው በዚህ ጥቅስ ላይ ብቻም አይቆምም። ስለ ጽላቱ ግን ምዕራፉ ምንም አይልም። እንደ ማሰላሰል ይያዝ፤ እንደ ተቆጠረ ትንቢት አይሰበክ።

እንግዲህ የምመክረዎት ይሄ ነው። በዚህ ምዕራፍ ስም ለሚደረግ «የእርግማን መስበር» ጉባኤ አይሂዱ። ገንዘብ ከተጠየቁበት ደግሞ ጨርሶ አይስጡ። መጾም ከፈለጉ ይጹሙ፤ ለአገር ሰላም መጸለይ መቼም መልካም ነው፣ ለዚያ እርግማን መፈለግ አያስፈልግም። ሰባኪውን ማነጋገር ከቻሉ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋቸው፦ «ምዕራፉ ኩሽን የሚከሰው በምን ኃጢአት ነው?» ቁጥሩን እንዲያሳዩዎት ይጠብቁ።

ለራስዎ ደግሞ በአንድ መቀመጫ ከ17፥12 እስከ 20፥6 ያንብቡ። ከዚያ 30፥1–15 እና 31፥1–3ን ይጨምሩበት። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሲያነቡ በ1954ቱ ትርጉም ጎን ሌላ አዲስ የአማርኛ ትርጉም ያስቀምጡ፤ ሁለቱ ቁጥር 1፣ 2 ወይም 7 ላይ ሲለያዩ ዕብራይስጡ አስቸጋሪ የሆነበት ቦታ መሆኑን ይወቁ። በእነዚያ ቦታዎች ላይ ማንም «በእርግጠኝነት» ብሎ ሲናገር ከሰሙ ጆሮዎን ይቆጥቡ፤ እኔንም ጨምሮ።